በእጅ የሚነፋ የራዲያተር ግፊት መፈተሻ፣ ከሰባት ወር በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራችው ኮሮላዬ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይጎድላት ነበር፤ በቆመችበት ቦታ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይታይም። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስወጣ የሙቀቱ ቀስት ከመሐል ማለፍ በጀመረ ጊዜ ያማከርኳቸው መካኒክ፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳይከፍቱ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» አሉኝ፤ በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ማለታቸው ነው። ሞተር ከማስፈታቴ በፊት፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ይህን መፈተሻ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። (ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም።)

በሳጥኑ ውስጥ የእጅ ፓምፕ፣ የግፊት መለኪያና የተለያዩ ማገናኛ ክዳኖች አሉ። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ማገናኛው በራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠምና በራዲያተሩ በራሱ ክዳን ላይ እስከተጻፈው የግፊት ልክ፣ በእኔ መኪና እስከ 0.9 ባር፣ ይነፋል፤ ከዚያ ማለፍ ያረጀ ራዲያተርን ለመሰንጠቅ መዳረግ ነው። በሞቀ ሞተር ላይ የምትወጣ ጥቂት ፈሳሽ መሬት ሳትደርስ ትተናለች፤ በቀዝቃዛው ላይ ግን እርጥበቱ በወጣበት ይቆያል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳሳተኝ። የግፊት መለኪያው ቀስት በዐሥር ደቂቃ ወደ 0.6 ወረደ፣ እርጥብ ቦታ ግን አልነበረም፤ ለመካኒኩ ፍርድ እጄን ልሰጥ ጥቂት ሲቀረኝ በማገናኛው ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀባሁና ከራሱ ከዕቃው ጎማ ሥር አረፋው ሲነፋ አየሁ። ጎማውን ቀይሬ ስደግመው ግፊቱ በሃያ ደቂቃ የቀነሰው ከ0.1 ባር አይበልጥም፤ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ስመለከትም ከውሃ ፓምፑ ዘንግ በታች ካለችው ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ ዙሪያዋም በደረቀ ሮዝ ቅርፊት ተከቦ አገኘሁት። ይህች ቀዳዳ ሆን ተብላ የተተወች ናት፤ የፓምፑ ማሸጊያ ሲያልቅ ፈሳሹ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በእርሷ በኩል ይወጣል።

የራዲያተሩን ክዳንም በዚያው ዕቃ ስፈትሸው ገና በ0.5 ባር ግፊቱን ለቀቀ። አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) የሚከፈተው ደግሞ በ82 ገደማ ነው። በመካከል ያለው ዐሥር ዲግሪ ብቻ በመሆኑ ለእኛ ከተማ ጥሩ ክዳን ቅንጦት አይደለም፤ 0.9 ባር መያዝ የሚችል ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። «ውሃ ጨምርበት» የሚለው የሰፈር ምክር ዝገቱን ሳይቆጥር ይህን ሁሉ ይረሳል።

ጉድለቱን ልናገር። የፓምፑ ቱቦ በአምስተኛው ወር መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ጫፉን ቆርጬ መልሼ አስሬዋለሁ፤ መለኪያውም ጥቃቅን ለውጥ ለማንበብ ይከብዳል። ቀስቱ እየወረደ በውጭ ምንም ካልረጠበ ደግሞ ካንዴላ አውጥቶ ሲሊንደር ውስጥ ማየት፣ የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ ራዲያተር ባለበት በኩል ምንጣፉን መዳሰስ ግድ ነው፤ መፈተሻው ከዚያ ወዲያ አይናገርም።

ፓምፑንና ክዳኑን በኅዳር አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ኩላንት አልጨመርኩም፤ ቴስታታውም አልተፈታም።