የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔ ከወራት በኋላ፦ ሙቀቱ ታማኝ፣ የእርጥበት ቁጥሩ ውሸታም

ደሴና አካባቢዋ ሆናችሁ ኢንኩቤተር ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ የገዛሁት ባለ 56 እንቁላሉን ነው። ራሱ ያገላብጣል፣ ክዳኑ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚያሳይ ሰሌዳ አለው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ይያያዛል። ሙቀቱን 37.7 ላይ አድርጌው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ስለ እሱ ብዙ አላወራም። የማወራው ስለ እርጥበቱ ነው፤ ጫጩቶቼን የፈጀብኝ እሱ ነውና።

የመጀመሪያው ዙር 21ኛው ቀን ላይ ደረሰ። እንቁላሎቹ ተሰነጠቁ። ምንቃራቸው በቀዳዳው ይታያል፣ ሲጮሁም ይሰማል። ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ መጣና ቀጥ አለ። አንዱን ከፍቼ አየሁት። ጫጩቱ ሙሉ ነው፣ ላባው ወጥቷል፣ አስኳሉን ጨርሶ ወደ ሆዱ አስገብቷል። ከቅርፊቱ ስር ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ግን እንደ ቆዳ ደርቆ ላባው ላይ ተጣብቋል። ጫጩት ለመውጣት እንቁላሉ ውስጥ እየዞረ ቅርፊቱን ዙሪያውን መስበር አለበት። ይሄ የት ይዞራል? ታስሮ ነው የሞተው። ከዚያ በኋላ የከፈትኳቸውም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። በጣም ነው ያዘንኩት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አብሽር ወንድሜ፣ እርጥበቱ ስንት ይላል?» አለኝ። 66 አልኩት። «እሱማ ልክ ነው፣ ችግሩ ከእንቁላሉ ነው» ብሎ ዘጋው። እንቁላሉን ከወሰድኩበት ቤት ጎረቤታችንም ወስደው ዶሮዋን አሳቅፈዋት ነበር። ዶሮዋ አሳምራ ፈልፍላዋለች። ታዲያ እንዴት ነው ችግሩ ከእንቁላሉ የሚሆነው?

ለብቻዋ የምትሸጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። እሷንም ዝም ብዬ አላመንኳትም፤ በጨው ፈተንኳት። ይህን ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። የገበታ ጨው በትንሽ ውሃ ታርሱታላችሁ። መሟሟት የለበትም፣ እርጥብ ብቻ ይሁን። ጨውን ትንሽ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርጋችሁ፣ ሳትሸፍኑት፣ ከመለኪያው ጋር አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትከቱና እስከ ነገ ትተዉታላችሁ። እርጥብ ጨው የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየሩን 75 ፐርሰንት ላይ ነው የሚያቆመው። የእኔዋ ጠዋት 74 አለች። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሰሌዳው 62 ይላል፣ እሷ 45 ትላለች።

17 ነጥብ ቀላል አይደለም! እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55፣ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ከ65 እስከ 70 ነው የሚፈለገው። ሰሌዳው 66 ሲለኝ ጫጩቶቹ ከ50 በታች በሆነ ደረቅ አየር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን አንዱ ሻጭ ተነስቶ «ሌላ አገር ላይ እንዲህ የሚል ደንበኛ የለንም» ይለኝ ይሆናል። ወንድሜ፣ ደሴ ናት እኮ! ጦሳ ተራራ ስር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው ያለነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ግፊት ሲያንስ ደግሞ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ያመልጣል። ብርዱም አለ። 15 ዲግሪ ላይ 80 ፐርሰንት እርጥበት ያለው የክፍል አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.7 ሲደርስ 20 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል። ቀሪውን ከማሽኑ የውሃ ገንዳ ነው የምትሞላው። ለእኛ አገር የሚሸጥ ማሽን የእርጥበት ቁጥሩ ከሁሉም በላይ ሊታመን የሚገባው ነበር፤ እናንተ ሻጮች ግን ጭራሽ አትፈትሹትም።

አሁን ሰሌዳውን በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። የማምነው ሚዛን ነው። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 ፐርሰንት ነው መቀነስ ያለበት፤ 60 ግራም የነበረው 53 አካባቢ ሲደርስ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከቀለለ ደርቋል፣ ውሃ ጨምሩ። ውሃ ጨምሩ ሲባል ግን የገንዳውን ውሃ ጥልቅ ማድረግ ምንም አይጠቅምም፣ እርጥበት የሚሰጠው የውሃው ስፋት ነው። እኔ ንጹሕ ስፖንጅ አርሼ ገንዳው ውስጥ አቆማለሁ። በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ሁለቱንም ገንዳ ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ፣ ማገላበጫውን አቁሜ ክዳኑን አልነካም። የአየር ቀዳዳውን ግን እንዳትደፍኑት። እርጥበት ይወጣል ብላችሁ ብትዘጉት ጫጩቱ አየር ያጥረዋል፣ አየሩ እዚህ ሲጀመርም ስስ ነው።

ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ውጤቱ ሌላ ሆኗል። ያለፈው ዙር ጫጩቶች ቅርፊቱን ዙሪያውን ሰብረው ራሳቸው ወጡ፣ ማንንም አልረዳሁም። ስለዚህ ማሽኑን አልሸጠውም። የተናደድኩት ለማይሠራ የእርጥበት ሰሌዳ ተጨማሪ ብር መክፈሌ ነው። እናንተ ሙቀቱ የማይዋዥቅ፣ ማራገቢያና ማገላበጫ ያለው ርካሹን ግዙና በተረፈው ብር መለኪያና ግራም የሚያነብ ሚዛን ጨምሩበት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ዝቅ ትላላችሁ፣ ሙቀትም አላችሁ፤ የእኔን የውሃ ልክ እንዳለ አትውሰዱት፣ የመጀመሪያውን ዙር በየ3 ቀኑ እየመዘናችሁ የራሳችሁን አግኙ።