ስምንት ወር በእጅ አልትራሳውንድ፦ የጉበት ታካሚዎቼን መገጣጠሚያ ሳይ

ይህችን ኪስ የምትገባ አልትራሳውንድ ከገዛኋት ስምንት ወር ሞላት። ጫፏ ቀጥ ያለ ነው፣ ያለ ገመድ ከታብሌት ጋር ትሠራለች። እኔ የምሠራው የጉበት ቫይረስ ክትትል ላይ ነው፤ እሷን ግን የገዛኋት ለመገጣጠሚያ ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቁርጥማት አለባቸው። ደማቸው ሲመረመር ደግሞ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ይወጣል፤ ቫይረሱ ብቻውን እንዲህ ያደርጋል፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ባይኖርም። ያንን ወረቀት ብቻ አምኖ ሜቶትሬክሴት (ጉበትን ሊጎዳ የሚችል የሩማቶይድ መድኃኒት) መጀመር በተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ባለፈው ወር እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት መጡ፤ ሁለቱም የእጅ አንጓቸው ያማቸዋል። ጄሉን ስቀባቸው "ውይ ልጄ፣ ቀዘቀዘኝ!" አሉ። ታብሌቱን ወደ እሳቸው አዞርኩት። አጥንቱ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ልሙጥ ነው፣ አልተሸረሸረም። ውሃ አልቋጠረም፣ የውስጥ ሽፋኑ አልወፈረም፣ በብግነት የጨመረ የደም ፍሰትን በቀይ የሚያሳየውን ፓወር ዶፕለር ስከፍትም አንዲት ቀይ ነጥብ አልበራችም።

"ታዲያ የሚያመኝ ውሸት ነው?"

"አይደለም እናቴ፣ ሕመሙ እውነት ነው። መገጣጠሚያዎ ግን እየተበላ አይደለም።"

የቫይረሱን መድኃኒት አስቀደምንላቸው። የሌላ ወጣት አንጓ ግን በቀይ ተሞልቶ አየሁ፣ ፀረ ሲሲፒውም (ሩማቶይድ አርትራይተስን ይበልጥ የሚጠቁም የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ነበር፤ እሱን ወዲያው ወደ ሩማቶሎጂ፣ ወደ መገጣጠሚያ ሐኪሞች ላክሁት። ምስሉ ብግነት እንዳለ ይናገራል እንጂ ማን እንዳመጣው አይናገርም፣ ይሄ እንዳይረሳ።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ዶፕለር ሲከፈት ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል፣ ትግላለች፣ አንዳንዴም ታካሚው እጁን ዘርግቶ እያለ ትጠፋለች። ዳሌ ላይ አትረባም፣ ጥልቀት የላትም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የራሴ ስህተት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ፕሮቡን፣ ቆዳ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ፣ ጫን አድርጌ ነበር የምይዘው፤ ሲጫኑት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፣ ቀዩም ይጠፋል። "ብግነት የለም" ያልኳቸውን ሰዎች ደውዬ እንደገና አየኋቸው። አሁን ጄሉን አብዝቼ፣ ቆዳውን ነካ ብቻ አድርጌ ነው የማየው።

ዳግም እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ለእጅና ለጉልበት ብቻ።

የእኚያ እናት መድኃኒት 12 ሳምንት ነው። ሲጨርሱ ያንኑ አንጓ፣ በዚያው ቦታ ደግሜ አየዋለሁ፤ የመጀመሪያው ምስል ታብሌቱ ላይ ተቀምጧል።