የወፍጮ ቤት የበቆሎ ዱቄት ወይስ የታሸገው? ለገንፎ፣ ለቂጣና ለጣፋጭ ዳቦ

ደብረ ብርሃን ላይ «የበቆሎ ዱቄት» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሦስት ነገር አንዱ ይሰጠዋል። አንደኛው ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ቆላ ሽቅብ የሚወጣው በቆሎ ተገዝቶ ወፍጮ ቤት የሚፈጨው ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ ፈጭቶ በከረጢት ያሸገው። ሦስተኛው በትንሽ ካርቶን የሚሸጠው ነጩ «ኮርን ፍላወር» ሲሆን እሱን ከመጀመሪያው እንሸኘው። ዱቄት ሳይሆን ስታርች ብቻ ነው። በጣት ሲያሹት ጭርጭር ይላል፣ እንደ ኖራ የነጣ ነው፣ የበቆሎ ሽታ የለውም። ሾርባና ክሬም ለማወፈር ጥሩ ነው፤ ቂጣ ሊጋግሩበት ቢያቦኩት ግን ሲጫኑት ይጠጥራል፣ ሲለቁት ይፈሳል።

የቀሩትን ሁለቱን በተመለከተ ፍርዳችን አጭር ነው፦ ለገንፎና ለቂጣ የወፍጮ ቤቱ፣ ለጣፋጭ ዳቦና ለኬክ የታሸገው። የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ከነእምብርቱ፣ ማለት ቡቃያው ከሚወጣበት የፍሬው ክፍል ጋር ስለሚፈጭ ዘይቱ አብሮት ይቀራል፤ ያ የሚያውድ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ነው፤ ዘይቱ ይቆመጥጥና ዱቄቱ ይመርራል። ስለዚህ ሦስት አራት ሳምንት የሚበላውን ያህል ብቻ ማስፈጨት ነው። የታሸገው አብዛኛውን ጊዜ እምብርቱና ገለባው የወጣለት በመሆኑ ወራት ይቆያል፤ ልም ነው፣ ግን ጣዕሙ ቀዝቃዛ ነው።

የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ጥራት ግማሹ በአስፈጪው እጅ ነው። በቆሎው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከተለመጠ አልደረቀም። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ያየበትን ፍሬ ለቅሞ መጣል እንጂ «ሲበስል ይጠፋል» ማለት አይሠራም፤ የሻጋታው መርዝ በማብሰል አይለቅም። ወፍጮው ከእናንተ በፊት በርበሬ ፈጭቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሆነ ሌላ እህል እስኪያልፍበት መጠበቅ ይሻላል። ድንጋዩ ገና የተወቀረ ከሆነም ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለቂጣ ሁለት ጊዜ ይፈጭ። ትኩስ ዱቄት በፌስታል ቋጥሮ ወደ ቤት መሄድ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ያልበውና ይጓጉላል፣ ከዚያም ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ መተው፣ ከዚያ በወንፊት መንፋት።

ገንፎው ላይ የሚሳሳተው ገብስ የለመደ እጅ ነው። የገብስ ገንፎ ዱቄት ተቆልቶ ስለሚፈጭ ቶሎ ይደርሳል፤ በቆሎው ግን በጥሬው ነው የተፈጨው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ደግሞ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ስታርቹ ለማበጥ 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋልና የሙቀት እጥረት የለም። የሚጎድለው ጊዜ ነው፤ ሻካራው ቅንጣት እስከ ውስጡ ውሃ እስኪጠጣ ይቆያል። ላይ ላዩን የበሰለ የሚመስል ገንፎ ምላስ ላይ ጥሬ ጥሬ የሚለው ለዚህ ነው።

ለአራት ሰው 2 ኩባያ ዱቄትና 4 ኩባያ ውሃ ያዙ። ግማሽ ኩባያውን ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ሦስቱን ኩባያ ውሃ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው አፍሉና ብጥብጡን እያማሰሉ ጨምሩበት፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ከዚህ በኋላ ነው የቀረው ዱቄት በትንሽ በትንሹ የሚገባው። ደረቅ ዱቄት በአንዴ የፈላ ውሃ ላይ ከተደፋ የእያንዳንዱ ጉብታ ውጭ ወዲያው በስሎ ውስጡን ደረቅ ያስቀረዋል፤ ጓጎለ የምንለው ይህ ነው፤ ከድስቱ ጎን ጋር በማማሰያ እየጨፈለቁ ካልሆነ በማማሰል ብቻ አይፈታም። እሳቱን ቀንሶ መክደን፣ በየሦስት ደቂቃው ገልብጦ ማሸት፣ በድምሩ 25 ደቂቃ። ከጠነከረ የፈላ ውሃ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨመርም። ውሃ የነካ ጣት ሲጫነው ካልተጣበቀና ከድስቱ ጎን ከለቀቀ ደርሷል። በቆሎ በተፈጥሮው ጣፈጥ ስለሚል መሃሉ ላይ የሚገባው ቅቤ በርበሬው ጠንከር ቢል ይሻላል።

ቂጣው ላይ ምስጢሩ የፈላ ውሃ ነው። በቆሎ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው በቀዝቃዛ ውሃ የተቦካው ሊጥ ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቁር አዝሙድ፣ ላዩ ላይ 1 ከሩብ ኩባያ የፈላ ውሃ። በማንኪያ አዋህዶ 15 ደቂቃ ከድኖ መተው፣ ከዚያ በእጅ ማሸት። አሁንም ከተሰነጠቀ እጅን ውሃ እያስነኩ ማሸት እንጂ ዱቄት መጨመር አይደለም። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ መካከለኛ ሙቀት ያለው ምጣድ፣ በየጎኑ 4 ወይም 5 ደቂቃ። ትኩሱን ቆርሶ በቅቤና በርበሬ መለወስ ለቁርስ ይበቃል፤ ያደረ የበቆሎ ቂጣ ግን ድንጋይ ነው፣ አታሳድሩት።

ጣፋጩ ዳቦ ላይ የታሸገው ዱቄት ይሻላል ያልነው ልም ስለሆነ ነው። 1 ተኩል ኩባያ የበቆሎ ዱቄት በ1 ከሩብ ኩባያ ለብ ያለ ወተት 20 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ ይህን የዘለለ ሰው ዳቦው ጥርሱ ላይ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄትና ትንሽ ጨው። ለዚህ መጠን ቆላ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 2 የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ጋዙ አብልጦ ይነፋል፣ ዳቦው ሳይጸና ይነሳና መሃሉ ይሰረጉዳል። ስኳር ከተጨመረም እንዲሁ ይሰረጉዳልና መጠኑን አታሳልፉ። በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ኦቨን ከሌለ ወፍራም ድስት ቅቤ ተቀብቶ፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት 40 ደቂቃ ያህል፤ ላዩ ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ጣዕሙ ግን አይጎድልም። ስንጥር ተወግቶ ደርቆ ከወጣ ደርሷል።

ለእንጀራ በጤፍ መደባለቅ የሚፈልጉ ከሲሶ አይለፉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በማግስቱ ሲጠቀለል ይሰበራል። ለሙቅ ደግሞ ለ1 ሊትር ወተትና ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ በጥብጦ 15 ደቂቃ ማፍላት ነው፤ ማሩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባል።