የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለቋሚ ሕመም ላለበት ልጅ፦ መርፌ ወይስ የአፍንጫ ርጭት?

አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው እንደ ተራ ጉንፋን ላያልፍለት ይችላል። የሳንባ ምች ሊያስከትልበት፣ ሆስፒታልም ሊያስተኛው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ሐኪሙን ቢጠይቅ የምመርጠው "ይከተብ ወይ?" ሳይሆን "በየትኛው ይከተብ?" ብሎ ነው።

ዕድሜ፦ መርፌው ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ርጭቱ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

ቅለት፦ እዚህ ርጭቱ ይበልጣል። በየጊዜው ደም ሲቀዳ፣ ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረ ልጅ ሌላ መርፌ ሲያይ እንዴት እንደሚሸማቀቅ ያየ ወላጅ ይህን ትንሽ ነገር አይለውም።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። መርፌው ሕያው ቫይረስ የለውም፤ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል፣ በ1 ወይም በ2 ቀን ይተዋል። ርጭቱ ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ አለው። ለካንሰር በሚታከም፣ በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ በደከመ ወይም አስፕሪን በሚወስድ ልጅ ላይ አይሞከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ሆኖ አስም ካለበትም እንዲሁ።

ጊዜ፦ ሁለቱም ለመሥራት 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋሉ። ቶሎ መጀመር ነው።

ልጁ ሕፃን ከሆነ፣ አስሙ የሚያስቸግረው ከሆነ ወይም የምትጠራጠሩት ነገር ካለ መርፌው ይሻላል። ከፍ ያለ፣ መርፌ አጥብቆ የሚፈራና ሐኪሙ የፈቀደለት ከሆነ ርጭቱ። አፍንጫው በጣም በታፈነበት ቀን ግን ርጭቱ ይቆይ።