ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740፦ ከግንቦት እስከ ጥር በአንዲት ጡረተኛ እጅ

ይህን ካሜራ ከያዝኩ በጋው፣ ክረምቱና የበዓላቱ ሰሞን አልፈዋል። ግንቦት ላይ ልጄ ከአሜሪካ ላከችልኝ፤ ክረምቱን በዣንጥላ ሥር ይዤው ዞርኩ፤ መስቀልንም ጥምቀትንም አነሳሁበት። ሳጥኑ በተከፈተ ማግስት የሚጻፍ አስተያየት ሞልቷል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ካሜራው የዕለት ተዕለት ሥራ ሲሆን እንዴት እንደሚገኝ ነው፤ የማነሳበት በየቀኑ ነውና።

በየቀኑ የሆነበት ምክንያት አለው። አብረን ስናስተምር ኖረን በጡረታ የተሰናበትን መምህራን በቴሌግራም አንድ ግሩፕ አለን። ተራው የደረሰ ሰው ማታ አንድ ቃል ይልካል፦ «ጥላ»፣ «ወረፋ»፣ «ክር»፣ «ቀይ»። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እያንዳንዳችን ለቃሉ የሚሆን አንድ ፎቶ እናስገባለን። የድሮ ፎቶ አይቻልም፤ ከአንድ በላይም አይቻልም። ፕሮጀክት 365 እያሉ ዓመቱን ሙሉ በቀን አንድ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የእኛ የሚለየው ቃሉን ሌላ ሰው ስለሚመርጥልን ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ደወል የለም፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል የለም፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ቃሉ ከመጣ ወዲህ ሐሙሴ ከማክሰኞዬ ተለይቷል። ስለዚህ ካሜራውን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ቃሉ የትም ቢወስደኝ ያደርሰኛል ወይ?

የሚያደርሰኝ በዙሙ ነው። 40 እጥፍ ነው፤ በፎቶ አንሺዎች መለኪያ ከ24 እስከ 960 ሚሊሜትር። ያ ሁሉ የሚወጣው ክብደቱ ከነባትሪው 300 ግራም ገደማ ከሆነ፣ በሹራብ ኪስ ከሚገባ ካሜራ ነው። የምኖረው ስድስት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴም ደረጃውን በቀን ደጋግሞ መውጣትና መውረድ አይችልም። ታዲያ «ጥቁር» የሚል ቃል በመጣ ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ያረፈውን ቁራ አነሳሁት። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የእኛው ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ወፍ ነው፤ ሌላ አህጉር ሄዶ የሚያየው የለም። ዕድሜዬን ሙሉ በጓሮዬ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ዓይኑን ሲገልጥና ሲከድን ያየሁት ግን በዚህ ካሜራ ነው።

ጃንሜዳም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ጥር 10 ከተራ ላይ ታቦታቱ ወደዚያ ሲወርዱ ግፊያው ለወጣት እንኳ ይከብዳል። የዚያን ዕለት ቃል «ወርቅ» ነበር። ከመንገዱ ማዶ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዙሙን ስቤ፣ ከሕዝቡ ራስ በላይ የአንዱን ድባብ ዘርፍ ብቻ ለይቼ አወጣሁት። የአሥር ሰዓቷ ፀሐይ ከጎን መትታው ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በስልኬ ባነሳው ኖሮ ድባቡ ከሕዝቡ መካከል አንዲት ነጥብ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ገደቡ ልምጣ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ካሜራውን ይጠላዋል። ሌንሱ በሰፊው ጫፍ ኤፍ 3.3፣ በሙሉ ዙም ኤፍ 6.9 ነው፤ ማለትም በሳባችሁት ቁጥር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ሴንሰሩም፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ 1/2.3 ኢንች የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ዙም በኪስ ካሜራ ውስጥ ሊገባ የቻለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ አንዱን ወድዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ያሳድጋል፤ ያኔ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ከሰማዩ ጋር አያይዤ ነው የማየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እዚህ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፤ ለእኔ የዙሙ ሰዓት ይኼ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ይበዛል እንጂ አይጠቅምም፤ ፊት ላይ ያለው ጥላ ዓይንን ይሸፍናል። ካሜራው በዓይን ተጠግተው የሚያዩበት መስኮትም ስለሌለው በዚያ ፀሐይ የጀርባውን ስክሪን ማየት ያስቸግራል። እኔ ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ በስክሪኑ ላይ አጠላለሁ። የንባብ መነጽር የምታደርጉ ደግሞ በገመድ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፤ ያለሱ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነበብም።

ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ነገር ናቸው። ሰማዩ ሲዘጋ ከግማሹ ዙም አላልፍም፤ ካሜራውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ የሁለት ሴኮንድ ሰዓት መቁጠሪያውን እጠቀማለሁ። ውሃ የሚችል ካሜራ አይደለም፤ ስለዚህ ዝናብ ላይ ዣንጥላው መጀመሪያ ለካሜራው ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቤ ማስቀመጫው ውስጥ ከትቻለሁ። ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ከገባ ማስወጣቱ ከካሜራው ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩለትን ግን በሽሮ ሜዳ ነው ያገኘሁት። ቃሉ «ክር» ነበርና ወደ ሸማኔዎቹ ወጣሁ። የሸማኔ ቤት ጨለም ያለ ነው፤ ሠሪው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ተቀምጦ ይሠራል፤ መወርወሪያው አያርፍም። «ላንሳህ ልጄ?» አልኩት አንዱን ወጣት። «ያንሱኝ ቲቸር» አለኝ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። ነገር ግን ካሜራውን እንዳቀናሁ ትከሻው ደረቀ፣ ፊቱ ተለወጠ። ስክሪኑን ወደ ላይ ገለበጥኩት። ይህ ስክሪን 180 ዲግሪ ዞሮ ወደ ፊት ያያል፤ የተሠራው ራሳቸውን ለሚያነሱ ሰዎች ነው። ልጁ ግን ራሱን እዚያ ውስጥ ሲሠራ አየ። ሳቀ፤ ከዚያ ረሳን፤ እጁም ወደ ሥራው ተመለሰ። የማነሳውን አላየሁም፤ በግምት አቅንቼ ነው ደጋግሜ የተጫንኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳነሳ ይህንኑ አደርጋለሁ። የሚነሳው ሰው ምን እየተወሰደበት እንደሆነ የማየት መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ለሸማኔውም ፎቶውን አሳትሜ ወስጄለታለሁ፤ 20 ሜጋፒክስሉ በኤ4 ወረቀት ልክ አጥርቶ ይታተማል።

ፈቃድን ካነሳሁ ይህንንም ልበል። ስልክ ሲያነሳ ዝም የሚል ጥበቃ ሌንስ ሲወጣ ካየ ይመጣል። መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክ፣ ኤምባሲ፣ ቤተ መንግሥት አጠገብ ካሜራውን ከኪሴ አላወጣም። ወረፋ ላይ ያሉ ሰዎችን ሳነሳም ከጀርባ ነው፤ «ወረፋ» ለሚለው ቃል ያስገባሁት የታክሲ ሰልፍ አንድም ፊት የለውም፣ ዣንጥላና ፌስታል ብቻ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ይህ ካሜራ አልነበረኝም። አሁን «በር» የሚል ቃል ሲመጣ የቆዩትን የእንጨት በሮች ከነማጠፊያቸው፣ ከነቁጥራቸው አጥርቼ አነሳለሁ፤ ለአንድ ቀን ፎቶ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ።

እሑድ ቃል የለም፤ ሁሉም ያሻውን ያስገባል። የእኔ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ እዚያ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የተሠራው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ «በዛ» ብሎ ያደበዝዘዋል። የካሜራውን መምረጫ «P» የሚለው ፊደል ላይ አድርጋችሁ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ አንድ ሁለት ነጥብ ግፉት፤ ነጩ ነጭ ይሆናል። ጀበና ላይ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ማይነስ ካላመጣችሁት ጥቁሩ ጀበና ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ፍላሹን ደግሞ እርሱት። የዕጣን ጭስ በፍላሽ ሲመታ ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ግን ሽቅብ ሲጠማዘዝ ይታያል።

ባትሪው በፋብሪካው ልኬት 265 ፎቶ ገደማ ያነሳል። በቀን አንድ ፎቶ ለሚያስገባ ሰው ይበቃል፤ ወፍ ለሚጠብቅ አይበቃም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞንም ተለዋጭ ያስፈልጋል። ከአንድ ሱቅ የተገዛልኝ ተለዋጭ በጥቂት ወር ውስጥ አበጠ፤ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ ካሜራ ውስጥ አታስገቡት። ፎቶው በዋይፋይ ወደ ስልኬ ያልፋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከተላከ ይሳሳል፤ ለግሩፑ በፋይል መልክ ነው የምልከው። የሚነሳው በጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ቀለም ሲያርሙ ለሚያመሹ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ለእኔ ግን አይደለም።

ቤት ውስጥ የልጅ ልጅና የልደት ኬክ ብቻ የምታነሱ ከሆነ አዲስ ስልክ ይሻላችኋል፤ በማታ ብርሃን ይበልጠዋል። ከሩቅ ማየት ለምትወዱ፣ እግራችሁ እንደ ልብ ለማይታዘዛችሁ ግን ይህን እመክራለሁ። ካሜራው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በ400 ዶላር ገደማ ነው፤ ዛሬ ያገለገለም ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት አብሩትና ዙሙን እስከ መጨረሻው ስባችሁ መልሱት፤ ሲወጣም ሲገባም ድምፁ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ባዶ ሰማይ አንሱና ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አሳድጋችሁ እዩት። በሁሉም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ገብቷል፤ ሌንሱ ስለማይፈታ እናንተ ልታጸዱት አትችሉም፤ ለሻጩ መልሱለት።