የሆስፒታል ኮሌክሽን «ከክሬዲታችሁ ላይ እናጠፋለን» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖች። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አልቀራችሁም፦ «የሜዲካል ኮሌክሽን አለባችሁ? ቤት ልትገዙ ስትሉ ክሬዲታችሁ አስቸገራችሁ? በ30 ቀን እናጸዳለን።» ሜዲካል ኮሌክሽን ማለት ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ለኮሌክተር፣ የተላለፈ የሕክምና ቢል ነው። መመዝገቢያው በዜል ይከፈላል፣ ከዚያ በየወሩ ከካርድ ይቆረጣል፣ ሶሻልና የመንጃ ፈቃድ ፎቶ በዋትስአፕ ይላካል። አትክፈሉ። ከሚሸጡላችሁ ውስጥ አብዛኛው ራሳችሁ በነጻ የምትሠሩት ወይም ማንም ሳይጠይቅ መነሳት የነበረበት ነው። የተረፈው በእናንተ ስም የሚፈጸም ወንጀል ነው።

ሳይጠየቅ መነሳት ካለበት እንጀምር። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተከፍሎ ያለቀ የሜዲካል ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ አይተዉም። ያልተከፈለውም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይወጣም፤ ቀድሞ 6 ወር ነበር። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሜዲካል ኮሌክሽን ከሪፖርት ወጥቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 500ው የዕዳው ድምር ስለሚመስለው ነው። ልኩ የሚታየው ለእያንዳንዱ ሂሳብ በተናጠል ነው። የ300፣ የ450 እና የ480 ዶላር ሦስት ኮሌክሽን ያለበት ሰው ድምሩ 1,230 ቢሆንም አንዱም መታየት የለበትም። በአንጻሩ መነሻው 620 የነበረ አንድ ቢል ተከፍሎለት ተከፍሎለት 480 ቢደርስም ይቀመጣል፤ የሚቆጠረው መነሻው ነውና። «140 ዶላር ብቻ ክፈልና ከ500 በታች ስለሚሆን ይጠፋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው።

«አዲሱ ሕግ የሜዲካል ዕዳን በሙሉ አጥፍቷል፣ እኛ ፎርሙን እንሞላላችኋለን» የሚሉም አሉ። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ፣ እንዲህ ያለ ደንብ በጃንዋሪ 2025 አውጥቶ ነበር። ግን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ የሚሞላ ፎርም የለም። በሌላ በኩል ኮሎራዶ፣ ኒው ዮርክ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ካሊፎርኒያና ሜሪላንድን የመሳሰሉ ስቴቶች የሜዲካል ዕዳ ወደ ክሬዲት ሪፖርት እንዳይገባ የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ኦሮራ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ፣ ዲስፒዩት፣ ማለትም «ይህ ስህተት ነው» የሚል የተቃውሞ ደብዳቤ፣ ስትጽፉ የስቴታችሁን ሕግ አንሱ። ሆኖም የፌዴራል ሕጉ የስቴቶቹን ይሽራል የሚል ክርክር ስላለ በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ማታለያው። ደንበኛ የሚስበው «ከመጀመሩ በፊትና በኋላ» የሚባለው የስክሪን ፎቶ ነው። ኮሌክሽኑ በፊት ነበር፣ አሁን የለም፣ ስኮሩ ዘሏል። ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በስማችሁ «የማንነት ስርቆት ደርሶብኛል» የሚል ሪፖርት ለፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን፣ ለኤፍቲሲ፣ ከተሞላ፣ የክሬዲት ቢሮዎቹ የተጠቀሰውን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ አለባቸው። ፎቶው የሚነሳው በዚያች መሀል ነው። ዕዳው የእናንተ መሆኑ ሲረጋገጥ እገዳው ይነሳል፣ ኮሌክሽኑ ይመለሳል፣ ሰውየው ግን ገንዘቡን ወስዷል። በሐሰት የተሞላው ሪፖርት ደግሞ በስማችሁ እዚያው አለ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቁ መሙላት የፌዴራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ለሚጠባበቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። «ሲፒኤን» የሚባል ባለ 9 አኃዝ ቁጥር በሶሻላችሁ ፋንታ እንድትጠቀሙ የሚሰጧችሁም እንዲሁ ናቸው። ሕጋዊ ሲፒኤን የሚባል ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፣ አንዳንዴም የሕፃን ሶሻል ነው።

ከዚህ ቀለል የሚለው ማታለያ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መበተን ነው። ይህ ለምን እንደማይሠራ እወቁ፦ ሆስፒታሉም ሆነ ኮሌክተሩ፣ የመጣለት ዲስፒዩት ክሬዲት ሪፔር የሚባለው፣ ክሬዲት እናስተካክላለን የሚል ድርጅት ያዘጋጀው ወይም በድርጅቱ ፎርም የተጻፈ መሆኑን በምክንያት ካመነ፣ የፌዴራሉ ደንብ እንዲመረምር አያስገድደውም። ያው ጉዳይ በራሳችሁ ቃልና በራሳችሁ ፊርማ ሲሄድ መመርመር አለበት። ገንዘብ ከፍላችሁ ደካማውን ደብዳቤ ገዛችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ሦስቱንም ሪፖርት አውጡ። አኑዋልክሬዲትሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል፤ በስልክ 1-877-322-8228 ነው። ካርድ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ትክክለኛው አይደለም። ክሬዲት ካርማ ላይ የምታዩት የሦስቱን ቢሮዎች ሙሉ ሪፖርት ስለማይሰጥ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሪፖርቱ ላይ የኮሌክተሩን ስም፣ የመነሻውን መጠንና ክፍያው መጀመሪያ የተቋረጠበትን ቀን ለዩ። የ7 ዓመቱ ቆጠራ የሚነሳው ከዚያ ቀን ነው። ዕዳው ለሌላ ኮሌክተር ቢሸጥም ቀኑ አይታደስም፤ ታድሶ ካያችሁት ያ ብቻውን ለዲስፒዩት በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ የላከላችሁን የክፍያ መግለጫ፣ ኢኦቢ የሚባለውን፣ ከኮሌክሽኑ ጋር በአገልግሎት ቀን አመሳክሩ። ኢኦቢው «የታካሚ ድርሻ» ብሎ 85 ዶላር ካስቀመጠ እና ኮሌክተሩ 940 ከጠየቀ ስህተቱ የእናንተ አይደለም። የእኛ ሰዎች ቢል የሚበላሽበት ዋና መንገድ ስም ነው። ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ «ኃይለማርያም» አንድ ቃል፣ ሆስፒታሉ ዘንድ «ኃይለ» የመሀል ስም «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገባ፣ ኢንሹራንሱ «እንዲህ ያለ አባል የለኝም» ብሎ ይመልሰዋል፣ ሆስፒታሉም ቢሉን በቀጥታ ወደ እናንተ ያዞራል። በእኛ አጠራር የልጅ የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ ከአባቱ የቤተሰብ ስም ስለሚለይ ደግሞ፣ የሕፃን ቢል በተሳሳተ ሰው ስም ሊገባ ይችላል። በስደት ስትገቡ ልደታችሁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ካላችሁና ስማችሁ የተለመደ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ዕዳ ከእናንተ ፋይል ጋር የመቀላቀል ዕድሉ ይሰፋል። ጉዳዩ እንዲህ ከሆነ ለሆስፒታሉ የቢል ክፍል ደውላችሁ ስሙን አስተካክለው ለኢንሹራንሱ ዳግም እንዲልኩ ጠይቁ። ኢንሹራንሶች ቢል የሚቀበሉበት የጊዜ ገደብ ስላላቸው ዛሬ ነገ አትበሉ። ደግሞም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ፣ ኢመርጀንሲ ስትገቡ ወይም ኢንሹራንሳችሁ በሚቀበለው ሆስፒታል ውስጥ ኔትወርክ ውጪ የሆነ፣ ማለትም ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የሌለው ሐኪም ቢያያችሁ፣ ከኔትወርክ ዋጋችሁ በላይ መጠየቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የመሬት አምቡላንስን ግን ሕጉ አይሸፍንም።

ቢሉ ትክክል ሆኖ አቅም ከሌለ፣ ኮሌክተሩን ከማነጋገራችሁ በፊት ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ። ይህን እርምጃ ክሬዲት ሪፔሮቹ ሲያነሱት አትሰሙም፤ አስከፍለው የሚሠሩት ነገር የለበትማ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ በፌዴራል የታክስ ሕግ መሠረት የፋይናንሺያል አሲስታንስ ፖሊሲ፣ ማለትም አቅም ለሌለው ሰው ቢል የሚቀንስበት ወይም የሚያነሳበት ደንብ፣ ሊኖረው ግድ ነው። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ሆስፒታሉ ዕዳውን ለክሬዲት ቢሮ ማሳወቅ አይችልም። ዕዳው ኮሌክሽን ገብቶም ቢሆን በ240ው ቀን ውስጥ ካመለከታችሁ ሂደቱን ማቆም አለበት፤ ብቁ ሆናችሁ ከተገኛችሁም ሪፖርት የተደረገውን እንዲያነሳ ይገደዳል። ኢንሹራንስ ስላላችሁ አይመለከታችሁም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሆስፒታሎች ዲደክተብሉንም፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን፣ ይቀንሳሉ። በሜሪላንድ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ከ200 በመቶ ያልበለጠ ሰው ሕክምናው በነጻ እንዲሆን የስቴቱ ሕግ ያዛል። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ከ1099ኙ ላይ ያለውን ጥቅል ገቢ ሳይሆን ከታክሳችሁ ስኬጁል ሲ ላይ ያለውን የተጣራ ትርፍ አቅርቡ። ፎርሙን በአማርኛ ጠይቁ፦ ሆስፒታሉ ከሚያገለግለው ሕዝብ እንግሊዝኛ የማይበቃቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 1,000 ሰው ወይም 5 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ከሞላ፣ መተርጎም ግዴታው ነው።

አንድ መሰናክል አለ። ኢመርጀንሲ ያያችሁ ሐኪም፣ ራጅ ያነበበውና ማደንዘዣ የሰጠው ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ ቢላቸውም ለብቻው ይመጣል። ሆስፒታሉ ነጻ ቢያደርጋችሁም የእነሱ ቢል ኮሌክሽን ሊገባ ይችላል። ፖሊሲው የትኞቹን ሐኪሞች እንደሚሸፍን ዝርዝር መኖር ስላለበት ዝርዝሩን ጠይቁ፤ እዚያ የሌሉትን በየቢሯቸው ደውላችሁ ለየብቻ ጠይቁ።

ኮሌክተር ከደወለ ስልኩ ላይ ምንም አታረጋግጡ፣ «ለመልካም ፈቃድ 20 ዶላር» የሚለውንም አትስጡ። ዕዳ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ጊዜ በየስቴቱ ይለያያል፤ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት ነው። በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ ያለፈበትን ጊዜ እንደ አዲስ ታስጀምራለች። ኮሌክተሩ መጀመሪያ ካነጋገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳ ማረጋገጫ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ተቆርጦ የሚመለስ ክፍል አለ፤ «ዕዳው የኔ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም» የሚሉ ሳጥኖች አሉበት። ምልክት አድርጋችሁ፣ ኮፒ አስቀርታችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ በሰርቲፋይድ ሜይል መልሱ። የአገልግሎቱን ቀን፣ የሰጠውን ሐኪም ወይም ሆስፒታልና ኢንሹራንሱ የከፈለውን የሚያሳይ ዝርዝር ቢል ጠይቁበት። ማረጋገጫ እስኪልክ መጠየቁን ማቆም ይኖርበታል። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ሳያናግራችሁ ወይም ደብዳቤ ሳይልክ በድብቅ ክሬዲት ላይ መለጠፍ አይችልም።

ለክሬዲት ቢሮው የምትጽፉት አጭር ይሁን፦ የትኛው ሂሳብ፣ ምኑ ስህተት እንደሆነና ማስረጃው። «የኔ አይደለም» ብላችሁ በዚያው ደብዳቤ «ከፍያለሁ» አትበሉ። ኢኦቢውን ወይም ዜሮ ባላንስ የሚለውን ደብዳቤ አያይዙ፤ ኦሪጅናሉን አትላኩ። ምርመራው 30 ቀን፣ አንዳንዴ 45 ቀን ይወስዳል። የተነሳው ተመልሶ ከገባ ቢሮው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሁፍ ሊያሳውቃችሁ ይገባል።

ዕዳው የእናንተ ሆኖ ለመክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ፤ ሲከፈል ከሪፖርቱ መነሳት አለበትና «ለማጥፋት» ተጨማሪ የሚጠይቅ አየር እየሸጠ ነው። በቅናሽ ከተስማማችሁ ቀሪው ዜሮ እንደሚሆን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሁፍ ተቀበሉ። ብቻ ዕዳውን ወደ ክሬዲት ካርድ አታዙሩት። ካርድ ላይ ከገባ በኋላ የሜዲካል ዕዳ አይደለም፤ የ500 ዶላሩም የአንድ ዓመቱም ጥበቃ ይቀራል። ጥርስ ቤቶች የሚያቀርቡት «ወለድ የለውም» የሚለው የሕክምና ካርድ በጊዜው ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆልላል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ደግሞ ዲስፒዩት አያቆመውም። በቀኑ መልስ ካልሰጣችሁ ሊፈረድባችሁና በብዙ ስቴቶች ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል።

ከፍላችሁ ለተፈራረማችሁ፦ በፌዴራሉ የክሬዲት ሪፔር ሕግ መሠረት ሥራው ሳያልቅ ማስከፈል ክልክል ነው፤ ውሉ በጽሁፍ መሆን አለበት፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ። በስልክ የተሸጠ ከሆነማ ውጤቱን የሚያሳይ ሪፖርት ከሥራው 6 ወር በኋላ አውጥተው ሳያሳዩ አንድ ሳንቲም መቀበል አይችሉም። ሌክሲንግተን ሎውና ክሬዲትሪፔር ዶት ኮም ላይ በ2023 ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተወሰነባቸው በዚህ ነው። ሦስቱ ቀን ካለፈባችሁም ሕጉን ያልተከተለ ውል ፈራሽ ነው፤ «መብቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ብትፈርሙም ዋጋ የለውም። ካርዱን ያወጣው ባንክ ክፍያውን እንዲመልስ ጠይቁ፣ በዜል የሄደው ይከብዳል። ሶሻላችሁን ስለሰጣችሁ ማንም በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይከፍት በሦስቱም ቢሮዎች ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጉ፣ ማለትም ዝጉት፤ ነጻ ነው። ለኤፍቲሲና ለስቴታችሁ አቃቤ ሕግ አመልክቱ። በስማችሁ ሐሰተኛ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ተሞልቶ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሌላ ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ድርጅቱን ለመክሰስ ሕጉ 5 ዓመት ይሰጣችኋል፤ የቴሌግራሙን ንግግር፣ የዜሉን ደረሰኝና ያን የስክሪን ፎቶ አታጥፉ።