ወደ ፒያኖ ለሚመለስ ሰው፦ ያገለገለ ዲጂታል፣ አዲስ ኦርጋን ወይስ የእንጨት ፒያኖ?

በዚህ ክረምት ብቻ አምስት ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ሁሉም በልጅነታቸው ፒያኖ ተምረው ትምህርት፣ ሥራና ትዳር ያራቃቸው፣ አሁን እዚህ ጅማ ኑሯቸውን ከመሠረቱ በኋላ ናፍቆቱ የተነሣባቸው ናቸው። «ምን ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም ከ17 ዓመት በኋላ የተመለስኩ ስለሆንኩ መልሴ አንድ ነው፦ ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፉ እንደ እውነተኛው ፒያኖ የሚከብድ፣ ያገለገለ ዲጂታል ፒያኖ። ይህን ለማወቅ 16,500 ብር ከስሬአለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ሱቅ ባለ 61 ቁልፍ አዲስ ኦርጋን በ18,500 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ነበረበት፤ ቤት ደርሼ መመሪያውን ስገልጥ ሌላ ስም አገኘሁ። ቁልፎቹ በሞላ (በስፕሪንግ) ብቻ የሚነሡ ስለሆኑ ላባ ይመስላሉ። በቀስታ ብትነኩትም በኃይል ብትመቱትም ድምፁ ያው ነው።

ለጀማሪ ልጅ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የሚመለስ ሰው ግን ዕውቀቱ ያለው በእጁ ውስጥ ነው። እጁ የሚያስታውሰውን ክብደት ሲያጣ ይሮጣል፣ ይደናበራል። 61 ቁልፍ አምስት ኦክታቭ ብቻ ስለሆነ የድሮ ልምምዶቼን ስሞክር ግራ እጄ ከዳር እየወጣ ባዶ ጠረጴዛ ይመታ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ «ሁሉንም ረስቻለሁ» ብዬ አዘንኩ። ከዚያ አዲስ አበባ በአንድ ዘመድ ቤት ከባድ ቁልፍ ካለው ዲጂታል ፒያኖ ፊት ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እጄ መንገዱን አገኘ። የጠፋው ትዝታዬ ሳይሆን ክብደቱ ነበር።

ወጪውን እንቁጠረው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አዳፕተሩ ተቃጠለ። ምትክ ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ1,300 ብር ገዛሁ፤ አንደኛው ድምፅ ማጉያው ውስጥ እንደ ንብ ይጮህ ነበር። ምትክ ስትገዙ ቮልቱን ብቻ አትዩ፤ የሶኬቱ መሐል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ከመሣሪያው ምልክት ጋር አመሳክሩ። ቀጥሎ ከቁልፎቹ ሥር ያለው የጎማ መገናኛ እርጥበትና አቧራ ይዞት አራት ቁልፎች ዝም አሉ። ሬዲዮ የሚጠግን ጎበዝ ባለሙያ ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ በ1,200 ብር በአልኮል አጸዳልኝ፤ ነገር ግን የተቀደደውን ጎማ የሚተካ መለዋወጫ አላገኘም። ጠቅላላ ወጪው 23,500 ብር ሆነ። በ14ኛው ወር በ7,000 ብር ሸጥኩት።

የእንጨቱን ፒያኖ እወደዋለሁ፤ ድምፁን የሚተካ የለም። ጅማ ላይ ግን አልመክርም። አዲስ አበባ የሚሸጥ አንድ ፒያኖ በ60,000 ብር ቀርቦልኝ ነበር፤ ከዲጂታል ፒያኖ ይረክሳል ብዬ ልቤ ተመኘው። ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና ማምጣት፣ ለተሸካሚ መክፈል፣ ከዚያም ቃኚ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለ። ለትራንስፖርት፣ ለአልጋና ለሥራው በአንድ ጉዞ 12,000 ብር ተጠየቅሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሆነ 24,000 ብር ነው። የእኛ ክረምት ረጅም ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ቅኝቱ ይወጣል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይወርዳል። እዚሁ ከተማ አንድ ወዳጄ ቤት ያለው ፒያኖ በነሐሴ ስድስት ቁልፎቹ ሲጫኑ ወርደው ይቀራሉ።

እኔ የገዛሁት ያገለገለ ያማሃ ፒ-45 ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ42,000 ብር ቀርቦልኝ «ውድ ነው» ብዬ ትቼው ነበር። በ2017 ሻጩ 78,000 ብር ጠርቶ በ71,000 ተስማማን። ፔዳሉ ጠፍቶ ስለነበር ሌላ በ2,800፣ ማጓጓዣ 1,500፣ ብየዳ ቤት ያሠራሁት መቆሚያ 3,200 ብር፤ በድምሩ 78,500 ብር። እስካሁን ለጥገና አንድ ብር አላወጣሁም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ትልቁ ዓይነት ስለሆነ በ150 ብር ማገናኛ ገዝቼ ማታ ማታ ጎረቤት ሳልረብሽ እለማመዳለሁ። ጉድለቱ በባትሪ ድንጋይ አለመሥራቱ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ100ን ፈልጉ፤ እሱም ከባድ ቁልፍ አለው፣ በስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮችም ይሠራል።

ተመሳስሎ ከተሠራ ዕቃ ተጠንቀቁ። 88 ቁልፍ ማለት ከባድ ቁልፍ ማለት አይደለም። ለአንድ ባልደረባዬ «ያው ፒ-45 ነው» ተብሎ የመጣለትን ወስደን ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 6 ኪሎ ግራም ሆነ። እውነተኛው 11.5 ኪሎ ግራም ነው። ሳይገዛ ተመለሰ።

ያገለገለ ስትገዙ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ በጣም በቀስታ ንኩ። በቀስታ ተነክቶ በኃይል የሚጮህ ቁልፍ ካለ ከሥሩ ካሉት መገናኛዎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ ድምፁን ዘግታችሁ ተጫወቱ፤ እንጨት በእንጨት የሚመታ ያህል የሚንኳኳ ከሆነ የውስጡ ልባድ አልቋል። እንዲህ ላለው እኔ ከ55,000 ብር በላይ አልከፍልም።

በእጃችሁ ያለው 20,000 ብር ብቻ ከሆነ ኦርጋኑን አትግዙ። ከባድ ቁልፍ ያለው ፒያኖ ያለው ሰው ወይም ቤተ ክርስቲያን ፈልጋችሁ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት እንዲፈቅዱላችሁ ጠይቁ፤ ብሩንም አስቀምጡት። የእኔ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ክፍት ነው።